ፍላሽ ላስሞላ ሄጄ

የሱቁን ስም አልጽፍም። ሥራው ፊልም እየገለበጡ መሸጥ ነውና ምክንያቱ ይገባችኋል። ቦታውን ግን እጠቁማለሁ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ነው፤ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከውጭ የሚታየው አንድ ቬንትሌተር፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበርና ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ነው። ከጠፋችሁ "እነዚያ በአክተር የሚጣሉት ጋ" ብላችሁ ጠይቁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ያውቋቸዋል።

እኔ ከዚራ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ማታ 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። እግሬ ካልደከመኝ በእግሬ፣ ከደከመኝ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እሄዳለሁ። በሳምንት አንዴ፣ ደመወዝ ሰሞን ሁለቴ። አራት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ገብቶ እንደወጣ ሰው አልፈርድም።

ከዋጋው ልጀምር። አንድ ፊልም 5 ብር ነው። እኔ ስጀምር 3 ነበር። ተከታታይ ድራማ በሲዝን 20 ብር። 32 ጊጋ ፍላሽ ጢም አድርጎ የሚያስሞላ 100 ብር ይከፍላል። ከ50 ብር በላይ ለሚያስጭን ምራቂ አለ። ምራቂው አንድ ፊልም ነው፣ የሚመርጠው ግን ባለ ሱቁ ነው። እናንተን አይጠይቅም። ሁልጊዜም አሮጌ ፊልም ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ሰሞን እየሰደብኩት አጠፋው ነበር። ፍላሼ ላይ ቦታ ይይዝብኛል ብዬ። አሁን ቤት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው ምራቂውን ነው።

ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ዝግ ነው። የድሬ ልጅ ይሄን አይጠይቅም፤ ለእንግዳ ነው የምናገረው። በዚያ ሰዓት ፀሐዩም ጫቱም ሥራ አያሠራም። 10 ሰዓት ላይ ሲከፍት ባለ ሱቁ ገና ዝም ያለ ነው። ፈጣን መስተንግዶ የምትፈልጉ ያኔ ሂዱ። ከ11 ሰዓት በኋላ ምርቃናው ይመጣል፣ ሰውም ይሰበሰባል። ያኔ ፍላሽ ሰጥታችሁ በአምስት ደቂቃ እወጣለሁ ካላችሁ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት።

ሌላ ቦታ ፊልም ስታስጭኑ ፎልደሩ "አክሽን"፣ "ላቭ"፣ "ሆረር"፣ "ሕንድ"፣ "ኮሪያ" ይላል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ፎልደሩ በሙሉ በአክተር ስም ነው። ዴንዘል። ሻሩክ። አሚታብ። ፓቺኖ። ዲ ኒሮ። ጃኪ ቻን። አንድ ሰው ሃያ ፊልም ካለው ሃያውም አንድ ላይ ነው። ሁለት አክተር አንድ ፊልም ላይ ከተገናኙ ፊልሙ የሚገባው ባለ ሱቁ "በልጧል" ወዳለው ሰው ፎልደር ነው። ፓቺኖና ዲ ኒሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ቡና የሚጠጡበት ፊልም ስንት ጊዜ ከዚህ ወደዚያ እንደተመላለሰ እኔ ምስክር ነኝ።

አንድ ቀን ስክሪኑን ወደ ታች ስገፋ መጨረሻ ላይ "ሌሎች" የሚል ፎልደር አየሁ። ከፈትኩት። ሴቶቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። ሜሪል ስትሪፕ እዚያ። ካትሪን ሄፕበርን እዚያ። ናርጊስ እዚያ። ከነሱ ጋር ደግሞ ውሻ የሚተውንባቸው ፊልሞች።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"አቦ እህቴ፣ አትቆጪ። የሚጠይቅ ስለሌለ ነው።"

"ይኸው ጠየቅኩ።"

ክርክሩ ውስጥ የገባሁት በዚያ ነው። ፊልም ልጭን ሄጄ።

ክርክሩን ላስረዳ። ጠረጴዛው ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። ሽፋኑ ላይ "የዓለም አንደኛ አክተር" ይላል። ማንም ደንበኛ ገብቶ የራሱን ሰው ማስጻፍ ይችላል፤ ግን በአፍ ብቻ አይሆንም። ከፊልም ውስጥ አንድ ቦታ መርጦ፣ ያንን ቦታ በዚያ ቴሌቪዥን አስከፍቶ፣ ለተቀመጠው ሰው ማሳየት አለበት። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስፒከሩ ተቃጥሎ ለጥገና ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አልተመለሰም። መጀመሪያ ችግር ነበር። በኋላ ባለ ሱቁ "ድምፅ ሲጠፋ ነው አክተር የሚለየው" ማለት ጀመረ። አሁን ስፒከር በነፃ ብታመጡለት አይቀበልም።

ሲነገረኝ ስቄ ነበር። ሳስበው ግን ለኛ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ አሚታብን ስናይ ሕንድኛ እናውቅ ነበር? ኤምቢሲ ሁለት ላይ የአሜሪካ ፊልም ስናይ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። እንግሊዝኛው ያመልጠናል፣ ዓረብኛውን የሚያነበው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ እሱም ግማሹን ከራሱ ይጨምርበታል። የቀረነው ፊት እያነበብን ነው ያደግነው። ማን ዋሸ፣ ማን ወደደ፣ ማን ሊገድል ነው፣ ሁሉንም ከዓይንና ከእጅ ነው የምናውቀው። የባለ ሱቁ ሕግ ልጅነታችንን ደብተር ላይ መጻፉ ነው።

ሕጉ ትልልቆቹን ሰዎች ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ዴንዘል ዋሽንግተን አይነካም። ደጋፊዎቹ የሚያስከፍቱት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ የሚገረፍበትን። ጅራፉ ጀርባው ላይ ያርፋል፣ ፊቱ አይንቀሳቀስም። አንድ እንባ በጉንጩ ይወርዳል። በቃ። በዚያ ሥራ የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደ፣ በረዳት ተዋናይነት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በዋና ተዋናይነት ሲወስድ፣ በዘርፉ ከሲድኒ ፖይቲየር ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር ነበር። ፖይቲየር የወሰደው በ1964 ነው፤ መካከሉን አስሉት። አንድ ባጃጅ ነጂ ይሄን ቁጥር በየሳምንቱ ይናገራል። ስልኩን ይረሳል፣ ይሄን አይረሳም።

አል ፓቺኖ ላይ ተሳስቼ ነበር። ይጮሃል፣ ድምፁን ብታጠፋበት ምን ይቀረዋል ብዬ ነበር። ከዚያ ሬስቶራንት ውስጥ ሁለት ሰው ከመግደሉ በፊት ያለውን ቦታ አሳዩን። ገና ልጅ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ያወራል፣ እሱ አይሰማውም። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድምፅ ባለው ፊልም እዚያ ጋ ከውጭ የባቡር ጩኸት እየጨመረ ይመጣል። እኛ ጋ ባቡሩ የለም። ግን ዓይኑ ውስጥ ይሰማል ብል ታምኑኛላችሁ? የስቱዲዮው አለቆች መጀመሪያ ይሄን ልጅ አልፈልግም ብለው ነበር። ምን እንዳሰቡ እንጃ።

ማርሎን ብራንዶ ጓንቱን ያነሳል። እ.ኤ.አ. የ1954 ፊልም ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር እየሄደ ጓንቷ ይወድቃል። አንስቶ ይሰጣታል ስትሉ እጁ ላይ ያጠልቀዋል። እያወራ ይጫወትበታል። የሚለውን አልሰማንም። ልጅቷ ልትሄድ ፈልጋ በጓንቷ ምክንያት መሄድ እንዳቃታት ግን ገባን። ይሄ ሰውዬ ነው በ1973 ኦስካር ሲሰጡት አልቀበልም ብሎ በሱ ፈንታ አንዲት ወጣት ልኮ ያስመለሰው። "ለኛ ቢሰጠን ምን ነበረበት" ይላል ባለ ሱቁ።

ዳንኤል ዴይ ሌዊስ አንድ ደጋፊ ብቻ ነው ያለው፤ ጎን ያለው የሞባይል ጥገና ልጅ። ማስረጃው ግን ጠንካራ ነው። በዋና ተዋናይነት ሦስት ኦስካር የወሰደ ብቸኛው ወንድ ነው። በግራ እግሩ ብቻ የሚሥልና የሚጽፍ ሰው ሲጫወት፣ ካሜራው ሲቆምም ከተሽከርካሪ ወንበሩ አልነሳም ብሎ ሠራተኞቹ በማንኪያ ያጎርሱት ነበር። ልጁ ይሄን በአድናቆት ሲናገር ባለ ሱቁ "ወላሂ ምሳ የሚያጎርሰኝ ባገኝ እኔም አንደኛ እሆን ነበር" አለ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ያንን ታሪክ ደግሞ አላነሳም።

በዚህ ሕግ የተጎዳው አሚታብ ባቻን ነው። ይሄ እኔንም ያመኛል። የባለ ሱቁ ታናሽ ወንድም ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቢቢሲ በኢንተርኔት ባሰባሰበው ድምፅ የመድረክና የፊልም ታላቁ ኮከብ ሆኖ የተመረጠው አሚታብ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ተመርጧል። ባጃጅ ነጂው "የሕንድ ሕዝብ ቢጫንልኝ እኔም እመረጥ ነበር" ብሎ ይመልሳል። ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው። አሚታብ ድምፁ ነው። ፊልም ውስጥ መጀመሪያ የገባው እንኳ ተራኪ ሆኖ ነው፣ በ1969። ያንን ድምፅ አጥፍቶ እሱን መመዘን ግመል ገበያ ሄዶ ሻኛዋን ሸፍኖ ዋጋ እንደመጠየቅ ነው። ወንድምየው በየጊዜው ሌላ ቦታ ያስከፍታል። አይሆንለትም። በ1982 ቀረጻ ላይ በአንድ የድብድብ ትዕይንት ተጎድቶ ሊሞት ሲል ሕንድ በሙሉ እንደጸለየለት ይነግረናል። ፊልሙ ሲወጣም ምስሉን የተመታባት ቅጽበት ላይ አቁመው "የተጎዳው እዚህ ጋ ነው" ብለው ጽፈውበታል። ያንን አሳየን። ሁላችንም አዘንን። ደብተሩ ላይ ግን አልተጻፈለትም።

ሻሩክ? እጁን ሲዘረጋ ድምፅ ለምን ያስፈልጋል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ለሱ ስል ሕንድኛ ልማር ነበር፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ገቡ። የአበሻ ፊልም ፈልገው ነው። ባለ ሱቁ ግን የአማርኛ ፊልም አይጭንም። የፈለጋችሁትን ያህል ክፈሉት፣ አይጭንም። "የሠሩት ሰዎች እዚሁ ናቸው፣ ነገ መንገድ ላይ ባገኛቸውስ?" ይላል። የሆሊዉዱን መንገድ ላይ እንደማያገኘው እርግጠኛ ነው መሰለኝ። መምህሩ ሳይቆጡ ቁጭ አሉ። ክርክሩን አዳመጡ። ድሬ "እርስዎ" ማለት ብዙ አይሆንልንም፤ መምህሩ ግን የጎጃም ሰው ናቸውና ባለ ሱቁ ምላሱ እየተጠላለፈበት "እርስዎስ ማንን ይላሉ?" አላቸው።

"ድምፁን አጥፍታችሁ ነው አንደኛውን የምትፈልጉት?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ ምስሉን አጥፍቼ አገኘሁት።"

ማንን እንደሆነ ጠየቅናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ አሉ። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በራዲዮ ሲተርክ። ባለ ሱቁ ራዲዮ ፊልም አይደለም ብሎ ሕጉን ሊያስረዳቸው ሞከረ። መምህሩ "ላንተ አይደለም። እኔ ሰብለን አይቻታለሁ" አሉት። ማንም አልመለሰላቸውም። ደብተሩ ላይ በአምድ ውስጥ ሳይሆን በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ "ወጋየሁ (ራዲዮ)" ተብሎ ተጻፈ። እስካሁን አለ።

የኔ ተራ ሲደርስ ሄፕበርንን አመጣሁ። ክርክሬ ቁጥር ነበር። በትወና አራት ኦስካር የወሰደ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ወንዱም ሴቱም አልደረሰባትም። ደግሞ አንዱንም ሄዳ አልተቀበለችም። ሜሪል ስትሪፕ ሃያ አንድ ጊዜ ታጭታ ሦስት ነው የወሰደችው። ጥሩ ተናገርኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ተከፈተ። ሄፕበርን ደግሞ ወሬዋ ነው የሚያስገርመው፣ ፍጥነቷ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኛ እናያለን፣ ምንም የለም። ተሸነፍኩ። ወንዶቹ ጨዋ ሆነው አልሳቁም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

በዚያ ሳምንት ምራቂ ብሎ የጫነልኝ ፊልም እ.ኤ.አ. የ1928 ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም፤ በእሳት የተቃጠለችው የፈረንሳዊቷ ዣን ዳርክ የፍርድ ሂደት። ዋናዋ ፋልኮኔቲ የምትባል የፈረንሳይ የመድረክ ተዋናይት ናት። ፊቷ ላይ ምንም አልተቀባም። ካሜራው ከፊቷ አይርቅም። ዳኞቹ ይጠይቋታል፣ እሷ ታያለች። መጨረሻው አካባቢ ፀጉሯን ይላጯታል። ሌሊት 6 ሰዓት ነበር፣ ቬንትሌተሩን አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁት አላውቅም፤ ፊልሙ እንደሆነ ድምፅ የለው።

በማግስቱ አስከፈትኳት። ሱቁ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አላወራም። ደብተሩ ላይ ተጻፈች። ወዲያው ደግሞ ጭቅጭቁ ተነሳ። በአንድ ፊልም አንደኛ ይኮናል እንዴ? ፓቺኖ ስንት ዓመት ሠራ፣ እሷ ፊልም ላይ የምትታወቀው በዚህች ብቻ ነው። እኔ የምለው፣ አንድ ጊዜ እዚያ የደረሰ ሰው ለምን ሃያ ጊዜ ይጠየቃል? እነሱ የሚሉት፣ አንድ ጎል ያገባ ሮናልዶ አይባልም። አልተስማማንም። አሁንም አልተስማማንም። "ሌሎች" የሚለው ፎልደር ግን ፈርሷል፤ ሴቶቹ በየስማቸው ፎልደር አላቸው። ውሾቹ ብቻቸውን ቀሩ።

ባለ ሱቁ ከዚህ ፊልም የወደደው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ኔጋቲቭ በእሳት ተቃጥሎ ነበር። ለዘመናት የተቆራረጠው ብቻ ነው ሲታይ የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኖርዌይ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ሙሉ ኮፒ ተገኘ። "አየሽ? ኮፒ ባይኖር ጠፍታ ነበር" ይለኛል። ለሥራው ማስረጃ አገኘ። አልተከራከርኩትም፤ ፍላሼ እሱ ጋ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ብዙ ነው።

አንደኛ ቫይረስ። ፍላሻችሁን ሰጥታችሁ ስትቀበሉ ሁሉም ነገር ሾርትከት ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ሁለተኛው ላይ የፋርማሲውን የወር ሪፖርት ይዞ ጠፋ። አለቃዬ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም። የሥራ ፋይል ያለበት ፍላሽ አትስጡት፤ ለፊልም ብቻ የሚሆን ለይታችሁ ያዙ።

ሁለተኛ መብራት። ኮፒ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ባለ ሱቁ የት እንደደረሰ አያይም፣ "ገብቷል" ይላችኋል። ቤት ስትገቡ ፊልሙ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ይቆማል። ከመውጣታችሁ በፊት መጨረሻውን አስከፍታችሁ እዩ። አዎ፣ መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ምን ይደረግ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ፊልም ከዚያ አታስጭኑ። ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተቀዳ ነው። የሰው ጭንቅላት ያልፋል፣ አንዱ ያስላል። ሌላውን አልዘረዝርም። የመቀመጫ ነገርም አለ፤ ሦስት ወንበር ነው፣ ሁለቱ የማይነሱ ሰዎች አሏቸው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ለምን እዚያ እንደምሄድ ልንገራችሁና ላብቃ።

አባባ የሽመንደፈር ሰው ነው። የድሮው፣ የፈረንሳዩ ባቡር። የናፍጣ ባቡር ነጂ ነበር፣ ድሬ ጅቡቲ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ባቡሩ ራሱ ቆሞ የለ፤ አዲሱ የኤሌክትሪኩ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፣ አባባ አንድ ጊዜ ሄዶ አይቶ "ንጹሕ ነው" ብሎ ተመለሰ። ከሞተሩ አጠገብ ያ ሁሉ ዓመት ጆሮውን ወሰደው። አሁን በጣም ካልጮህንለት አይሰማም። ማዳመጫ መሣሪያ ገዛንለት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን አጠገባችን ተቀምጦ ያያል፣ ግን ምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ነው የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

የባለ ሱቁን ሕግ ስነግረው ሳቀ። "እና እኔ ስንት ዓመት ዳኛ ሆኛለሁ ማለት ነው?" አለ። ማንን ትመርጣለህ አልኩት። ሳያስብ "ጋባን" አለኝ። ዣን ጋባን። ወጣት ሆኖ ያየው አንድ የፈረንሳይ ፊልም አለ። ስሙን አያስታውስም። ባቡር ነጂ ሆኖ የሠራበት ነው፤ የእንፋሎት ባቡር።

ባለ ሱቁ ጋ የጋባን ፎልደር አልነበረም። ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ፈለገ። እ.ኤ.አ. የ1938 ሆኖ አገኘው። ኢንተርኔቱ በሚፈጥንበት ሌሊት ሌሊት እያወረደ ነው የጨረሰው። ስንት ልስጥህ ስለው "5 ብር ነዋ" አለ። ቅር ብሎት ነው ያለው፣ ለምን ጠየቅሽኝ እንደማለት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ለአባባ ከፈትኩለት። ፊልሙ የሚጀምረው በባቡር ነው። ደቂቃዎች ሙሉ ማንም አያወራም። ባቡሩ ይበራል፣ ጋባንና እሳት አንዳጁ ጩኸቱ ስለማያሰማማቸው በእጅ ምልክት ይግባባሉ። እኔ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። አባባ ከወንበሩ ወደ ፊት መጣ። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ድልድዩ ሲመጣ፣ ዋሻው ሲመጣ፣ እጁ አብሮ ይሄዳል።

"መልሺው" አለኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ አየው።

"ይሄ ሰው ነድቷል" አለ።

"አክተር ነው እኮ አባባ።"

"አውቃለሁ። ግን ነድቷል። እጁን አያይም።" ከዚያ አስረዳኝ። ባቡር ነጂ መስሎ የሚተውን ሰው የሚይዘውን ብረት ያያል፣ እንዳይሳሳት። የነዳ ሰው ሐዲዱን ነው የሚያየው። እጁ የት እንዳለ እጁ ያውቃል።

ማታ ስፈልግ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ጋባን ለዚያ ፊልም ባቡር መንዳት ተምሮ፣ ራሱ ነድቶ ነው የተቀረጸው። አባባ ያንን አላነበበም።

ሰኞ ሱቁ ሄጄ ነገርኳቸው። ቦታውን አስከፈትን። ባጃጅ ነጂው፣ የሞባይል ጥገናው ልጅ፣ የአሚታብ ደጋፊ የሆነው ወንድምየው፣ ሁሉም የሰውየውን እጅ ያያሉ። ባጃጅ ነጂው "እኔም እኮ መሪዬን አላይም" አለ፣ ለራሱ። ባለ ሱቁ ደብተሩን አነሳና "ጋባን" ብሎ ጻፈ። መራጭ በሚለው ቦታ የሰው ስም ነው የሚገባው። እሱ "ሽመንደፈር" ብሎ ሞላው። ከዚያ አባቴን ይዤ እንድመጣ ለመነኝ። ወንበር ይለቀቅለታል፣ የራሱን፣ ጥጉ ላይ ያለውን፣ ቬንትሌተሩ በደንብ የሚደርስበትን።

ቤት ገብቼ ለአባባ ጆሮው ሥር ጮኬ ነገርኩት። ሱቁ ይፈልጉሃል፣ ና ይሉሃል፣ ሰው አለ፣ ክርክር አለ።

"ተዪኝ" አለ። "ጫጫታ አልወድም።"

ከዚያ ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። የማዳመጫ መሣሪያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ከሥሩ አንድ ፍላሽ አወጣ። መቼ እንደገዛው አላውቅም። "ጋባን ሌላም ሠርቷል" አለኝ። "ባቡር ባይኖረውም ችግር የለም።"